330 ሚሊ ዲስክ 15 ቸርኬ ውስጥ ይገባል? አባይ በረሃ ላይ ፍሬን ከዳኝ

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ። መኪናዬ ኮሮላ 2010 ሞዴል ነው፣ ኦቶማቲክ፣ አዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ እመላለስበታለሁ። ባለፈው ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ ስወርድ መሀል ላይ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ መጣ፣ ከዛ ፔዳሉን ስረግጠው እንደ ስፖንጅ እየሰመጠ ሄደ፣ ልጆች ጭኜ ስለነበር ድንጋጤው እስካሁን አለቀቀኝም። አሁን ዘመድ ከዱባይ ትልቅ የፍሬን ኪት አምጥቶልኛል፣ ባለ 4 ፒስተን ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) እና 330 ሚሊ ዲስክ (የኔ 275 ነው)። ቸርኬዬ 15 ኢንች ነው፣ ይገባል ወይ?

የበረሃው ሹፌር፦ እንኳን ተረፋችሁ ወንድሜ። ስትወርድ ማርሹ ዲ ላይ ነበር አይደል? እንደዛ ከሆነ ሸክሙ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ነው የወደቀው። ቁልቁለቱን ሳትጀምር ማርሽ ቀንስ፣ ሞተሩ ይያዝልህ። እግርህን ፍሬን ላይ አስቀምጠህ አትውረድ፣ ጠንከር አርገህ ርገጥና ፍጥነቱ ሲወርድ ልቀቀው ይተንፍስ።

መካኒክ ነኝ፦ ሹፌሩ ልክ ነው፣ የሰመጠው ደሞ ዘይቱ ፈልቶ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲሱ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ነው። ከፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደሞ ይጨመቃል፣ ፔዳልህ ወለል ይነካል። ስለዚ ኪቱን ተወውና መጀመሪያ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ በዶት 4 አስቀይር። ዶት 5 የሚል ከሰጡህ እንዳትቀበል፣ ሲሊኮን ነው አይደባለቅም።
ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ 15 ውስጥ አይገባም። የዲስኩ ግማሽ 165 ሚሊ ነው፣ ካሊፐሩ ከዛ በላይ 25 ምናምን ይወጣል፣ 190 ሆነ ማለት ነው፣ 15 ቸርኬ ግማሹ ራሱ 190 ነው። 16ም አትሞክር። 17 በ215/45 ጎማ ብታረግ ቁመቱ ከድሮው 195/65 ብዙ አይርቅም።

ቨርጂኒያ ያለሁ፦ እኔ ራሴ ጋራዥ ውስጥ ገጥሜያለሁ። 17ም ሆኖ የቸርኬው እጅ ካሊፐሩን ሊነካው ስለሚችል ጎማ ሳትገዛ በፊት ካሊፐሩን ካርቶን ላይ ስለህ ቆርጠህ ቸርኬው ውስጥ አስገብተህ ሞክረው። ሌላው፣ እኔ ቀኝና ግራውን አቀያይሬ ገጥሜ አየር ማውጫዋ ወደታች ሆነችብኝ፣ አየር ደሞ ላይ ነው የሚሰበሰበው፣ ሁለት ሰአት ሙሉ ፔዳል ስንረግጥ ቆይተን ምንም አልጠነከረም። ማውጫዋ ወደላይ መሆኗን እይ። ከገጠምክ በኋላ መሪውን እስከመጨረሻው ቀኝም ግራም አዙረህ የፍሬን ቱቦው እንደማይወጠርና ጎማ እንደማይነካ አረጋግጥ። አዲስ ሸራ ደሞ ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 10 ስምንት አስር ጊዜ እያወረድክ አለማምደው፣ እንደጋለ ፔዳል ረግጠህ አትቁም።

መካኒክ ነኝ፦ አንድ ልጨምር፣ ፒስተኑ ትልቅ ከሆነ የድሮው ማስተር (ፔዳሉን ስትረግጥ ዘይቱን የሚገፋው) ብዙ ዘይት መግፋት አለበት፣ ፔዳሉ ይረዝማል። የፊቱ ብቻ ሲጠነክር የኋላው ድርሻም ይቀንሳል። ኪቱ ለመኪናህ የተሰራ መሆኑን ሳታረጋግጥ አትግጠም።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ዘይቱን አስቀየርኩ፣ ከፊት ጎማ ሲወጣ እንደ ቡና ጠቁሮ ነበር፣ ፔዳሉ አሁን ላይ ነው የሚይዘው። ኪቱን 17 ቸርኬ እስካገኝ አስቀምጬዋለሁ። ቅዳሜ ደብረ ማርቆስ ስለምሄድ ማርሽ ቀንሼ ወርጄ እነግራችኋለሁ።