ሲምሰን፦ የተነጠቀ ቤተሰብ ወይስ በጠመንጃ የከበረ ድርጅት?

የኤርፉርቱ፦
ክርክር ላንሳ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። እዚህ ጀርመን፣ ቱሪንገን ክፍለ ሀገር የኖረ ሁሉ ሲምሰን የሚባለውን ሞፔድ (ትንሽ ሞተር ሳይክል) ያውቀዋል። የምሥራቅ ጀርመን ወጣት ያደገበት ነው። አሁን ኤኤፍዴ የሚባለው ቀኝ አክራሪ ፓርቲ የምርጫ ጌጥ አድርጎታል። በ2024 ቅስቀሳ የፓርቲው የቱሪንገን መሪ ብዮርን ሆከ ራሱ ተፈናጦት ታይቷል። አሜሪካ ያሉት የመሥራቾቹ ዘሮች ተቆጡ። ሲምሰኖች አይሁዶች ነበሩ፤ ፋብሪካቸውን የነጠቃቸውም የናዚ አገዛዝ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ድርጅቱ ከሞፔዱ በፊት ጠመንጃ ሰሪ መሆኑን ነው። ሎብና ሞሰስ ሲምሰን የተባሉ ወንድማማቾች በ1856 እዚሁ ቱሪንገን፣ ዙል ከተማ አቋቋሙት። በ1920ዎቹ ለጀርመን ጦር ጠመንጃና ሽጉጥ የሚያቀርበው እሱ ነበር። ታዲያ ታሪኩ ሲጻፍ ተበዳይነቱ ብቻ ይውጣ? እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። በመሣሪያ ለከበረ ሰው እንባ አላዋጣም።

ሰብሊ፦
የመጨረሻዋ አልተዋጠችልኝም። መጀመሪያ እንዴት ብቸኛ አቅራቢ እንደሆነ ንገረን። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል የጀርመንን ጦር ከ100,000 ሰው እንዳይበልጥ ገደበው። መሣሪያም የሚሠራው አሸናፊዎቹ በፈቀዱት ፋብሪካ ብቻ ሆነ። ለቀላል መሣሪያ የተፈቀደለት ሲምሰን ነው። ከ1925 ጀምሮ ሉገር ሽጉጥ ላይ የሲምሰን ስም የምናየው ለዚህ ነው።

የዙል ተፎካካሪዎች ይህ አንገበገባቸው። ናዚዎች ሲመጡ ቂሙ ዝግጁ ሆኖ ጠበቃቸው። የቱሪንገኑ የፓርቲ አለቃ ፍሪትስ ዛውክል «ከመንግሥት ካዝና ያለ አግባብ አተረፉ» የሚል ክስ ይዞ ተነሳ። በ1935 አርተር ሲምሰን ታሰረ። ፋብሪካው ያለ ካሳ ተወሰደ። በዓመቱ ቤተሰቡ በስዊዘርላንድ አድርጎ ወጣ። ስለዚህ «በመሣሪያ የከበሩ» ስትል፣ የማንን ክስ እየደገምክ እንደሆነ አስብበት።

ብረት ወዳጅ፦
ፖለቲካውን ለፖለቲከኛ ተዉት። የጠመንጃ ሰሪ ታሪክ ብረቱ ላይ ነው። የዙልን አሠራር ያላወቀ ሰው ስም አይቶ ይሳሳታል። እዚያ አንድ የአደን ጠመንጃ ብዙ እጅ ያልፋል። አፈሙዙን አንዱ፣ ሰደፉን ሌላው፣ ላዩ ላይ ያለውን ቅርጻ ቅርጽ ሦስተኛው ይሠራዋል። ላዩ ላይ የሚጻፈው የሻጩ ስም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማይታወቅ ስም ስታገኙ በየዘመኑ የከተማውን የአድራሻ መጽሐፍ ማገላበጥ ነው፤ ሰውየው ሠሪ ነው ወይስ ነጋዴ የሚለው እዚያ ይለያል።

ቀጥሎ የፍተሻ ማኅተሙ ይታያል። ከ1893 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ ማንኛውም ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት በመንግሥት ፍተሻ ጣቢያ ከልክ ያለፈ ባሩድ ይተኮስበት ነበር። ካልፈነዳ ማኅተም ይመታል። የድሮው ዘውድ የደፋ ፊደል ነው፤ ከ1940 አካባቢ ጀምሮ ንስር ተተካ። ዙል ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወርና ዓመቱ አብሮ ይመታል። «7 28» ካለ ሐምሌ 1928 ነው። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?

ሰብሊ፦
ብረት ወዳጅ፣ ተባረክ፤ ፖለቲካውን ራስህ አመጣኸው። የሲምሰን ስም ያለበት አፈሙዝ ላይ «3 35» ካለ ፋብሪካው ገና አልተነጠቀም። ከ1936 በኋላ ከዚያው ቤት የወጣው የነጣቂው ነው። ስሙን እንኳ ቀየሩት። መጀመሪያ ቤኤስቬ አሉት፤ በኋላ ዳቮስ ላይ በተገደለው ናዚ ስም ጉስትሎፍ ሆነ። ይኸው የጉስትሎፍ ድርጅት ቡከንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ አጠገብ ፋብሪካ ከፍቶ እስረኞችን አሠራ። ይሄን ትተህ የማኅተም ቅርጽ ብቻ ከጻፍክ የዕቃ ዝርዝር ነው።

ቢኒ፦
እኔ ሲምሰን የምወደው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስለሚነዳ ነው 😀 ሌላው ሞፔድ 45 ላይ ታስሯል። ይቺን መብት ያተረፈው የሁለቱ ጀርመን የውህደት ውል ነው። የቤተሰቡን ነገር ግን ዛሬ ሰማሁ። ሞፔዱን የሸጠልኝ ሰውዬም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጋሽ ታዛቢ፦
ልጆች፣ እኛ አገር የገባውስ? የጀርመን ጠመንጃ በየቤቱ ነበር እኮ።

ብረት ወዳጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት ሞዘር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከጀርመን ያስመጡት የተሠራው ኦበርንዶርፍ ነው፤ ደቡብ ምዕራብ፣ ከዙል ሩቅ። ሲምሰን ሌላ ቤት ነው።

የኤርፉርቱ፦
ሰብሊ፣ ክሱን አልደገምኩም። እንዲያውም ነጠቃው ዘረፋ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለንም። ግን ሂትለር ሥልጣን የያዘው በጥር 1933 ነው። ሲምሰን እስከ 1934 ድረስ ሽጉጥ ለጦሩ አስረክቧል። ይሄ የማን ክስ ነው? ማንም አልከሰሰበትም፤ ሽጉጡ ላይ ያለ ነገር ነው። የጠመንጃ ቤት ታሪክ የምትጽፍ ከሆነ ማን እንደገዛው ሳትጽፍ አታልፍም።

ሰብሊ፦
ጻፈው! ማን ከለከለህ? የማልስማማው «እንባ አላዋጣም» በምትለው ላይ ነው። ያን ጊዜ ሠራተኛው በሺህ የሚቆጠር፣ የጦር መሣሪያው ደንበኛ መንግሥት፣ ባለቤቱ አይሁድ። ትዕዛዙን እምቢ ቢል ምን ይቀርለት ነበር? ክስ የሚፈልግ ሰው እኮ በር ላይ ቆሟል። ደግሞ ዘረፋው ከጀርመን ሽንፈት ጋር አላበቃም። ዛውክል ኑረምበርግ ላይ በ1946 ተሰቀለ። ፋብሪካው ግን ለባለቤቶቹ አልተመለሰም። ሶቪየቶች ወሰዱት፣ ቀጥሎ የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት። ከ1964 ጀምሮ ሽቫልበ የምትባለዋን ሞፔድ በሚሊዮን ሲያመርት በላይዋ ላይ የተለጠፈው የቤተሰቡ ስም ነው። ስሙን ይዘው ሰዎቹን ረሷቸው።

ጋሽ ታዛቢ፦
እና ፓርቲው ሞፔዱን እንዳይነዳ ይከልከል ነው የምትሉት?

ሰብሊ፦
ጋሼ፣ ሞፔድ መንዳት ማን ይከለክላል። ሲነዱት ግን የታንከሩ ላይ ስም የማን እንደሆነ ሕዝቡ ይወቅ። ዙል ጠመንጃው በመሣሪያ ሙዚየም፣ ሞፔዱ በተሽከርካሪ ሙዚየም ነው ያለው። ሁለቱን አይቶ የሚያገናኝ ጎብኚ ስንት ነው?

የኤርፉርቱ፦
ይወቅ። ሲያውቅ ግን ጠመንጃውንም ይወቅ። ከዚህ አልነቃነቅም።

ብረት ወዳጅ፦
በመሃል «3 35» የተመታበት ሲምሰን ያለው ሰው ካለ የማኅተሙን ፎቶ ይላክልኝ። አፈሙዙን ፈትታችሁ ከስሩ አንሱት፤ ከላይ አይታይም።