ጨረታ አስገባችኋለሁ የሚል አማካሪ 8 ፐርሰንት ጠየቀን፣ እንክፈል ወይስ ይቅር? (ሐዋሳ)

ታቦር ብየዳ፦
ሰላም ቤቶች። አቶቴ አካባቢ የብረታ ብረትና እንጨት ሥራ ቤት አለን፣ 7 ሰው ነን፣ እስካሁን በርና መስኮት፣ አልጋ፣ ምናምን ለግለሰብ ነበር የምንሰራው ግን ሰዉ እጅ እያጠረው ነው መሰለኝ ሥራ ቀዝቅዟል። ስለዚህ የመንግስት ጨረታ ላይ ኮምባይንድ ዴስክ (ወንበርና ጠረጴዛው የተያያዘ የተማሪ መቀመጫ) እና ሼልፍ መወዳደር ጀመርን። ሁለቴ ገባን ሁለቴም ወደቅን። የሁለተኛው ደግሞ የሚያናድደው፣ ፖስታ ሲከፈት ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ የኛ ዋጋ ዝቅተኛ ነበር! አሁን በጓደኛ በኩል አንድ አማካሪ መጣ፣ ዶክመንቱን እኔ አዘጋጃለሁ "ሌላውንም ነገር እኔ እጨርሳለሁ" ይላል፣ ቅድሚያ 25 ሺ ብር ከዛ ካሸነፍን ከውሉ 8 ፐርሰንት። ሸሪኬ እንክፈል ባይ ነው፣ እኔ ሆዴ እሺ አላለም። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ

ግዥ ክፍል የነበርኩ፦
ወንድሜ ግዥ ላይ ስድስት ዓመት ሰርቻለሁ፣ ከሚወድቀው ሰው ግማሹ የሚወድቀው በሚያሳፍር ትንሽ ነገር ነው። የታክስ ክሊራንሱ ቀኑ ያለፈ፣ አንድ ገጽ ላይ ፊርማና ማህተም የቀረ፣ ለጨረታ ማስከበሪያ ከባንክ የሚሰራው የክፍያ ማዘዣ፣ ሲፒኦው፣ ዋጋ የሚገባበት ፋይናንሻል ፖስታ ውስጥ የታሸገ (መጀመሪያ የሚታየው ቴክኒካሉ ሲከፈት ስለማይገኝ ያኔውኑ ውጪ ነህ)። የባንክ ጋራንቲ ከሆነ ደግሞ ዕድሜውን እዩ፣ ብዙ ዶክመንት ጨረታው ጸንቶ ከሚቆይበት ቀን በላይ 28 ቀን ይጠይቃል፣ ባንኩ ግን አንተ ያልከውን ቀን ነው የሚጽፍልህ። ዋጋችሁ ዝቅተኛ ሆኖ የወደቃችሁት ምናልባት ቫት ነው፣ ሌላው 15 ፐርሰንቱን ጨምሮ ሞልቶ እናንተ ሳትጨምሩ ከሆነ ሲስተካከል ደረጃው ይገለበጣል። የነጠላ ዋጋና ድምሩ ካልተስማማ የሚያዘው ነጠላው ነው፣ በአሃዝና በፊደል ከተለያየ ደግሞ በፊደሉ ነው። ለምን እንደወደቃችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው፣ ግን ቶሎ ነው፣ የቅሬታ ቀን አጭር ነው። በነገራችን ላይ በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጃችሁ ከሆነ በጨረታ ማስከበሪያው ፋንታ ካደራጃችሁ ቢሮ የዋስትና ደብዳቤ የሚቀበል ጨረታ አለ፣ ሲፒኦ ላይ ብር ከማሰር ይሻላል

አሞራ ገደል፦
እኔ ከፍያለሁ 😂 ስሙን አልጠራም። "ውስጥ ሰው አለኝ" ነበር ያለኝ፣ ቅድሚያ ወሰደ፣ ዶክመንቱን የሌላ ድርጅት ፋይል ላይ ስም ቀይሮ ነው ያስገባልኝ፣ አንድ ገጽ ላይ ያኛው ድርጅት ስም ሳይቀየር ቀርቶ ኮሚቴው ፊት ጮክ ተብሎ ተነበበ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ስልኩ እስከዛሬ ጥሪ አይቀበልም። ደግሞ "ሌላውን ነገር እጨርሳለሁ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ አይደል፣ በሙስና ወንጀል አዋጁ (881/2007) ተቀባዩ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው ሰጪውም ነው፣ ድርጅታችሁ ከመንግስት ጨረታ ሊታገድ ይችላል። እሱ ግን በየትኛውም ወረቀት ላይ ፊርማው የለም

ሒሳብ አዋቂ 22፦
እኔም አማካሪ ነኝ ስለዚህ ስድቡ ይድረሰኝ ግን ሁላችንን አንድ ላይ አትጠቅልሉን። ቁርጥ ዋጋ ጠይቁት፣ ምን ምን ሰርቶ እንደሚያስረክብ በውል ይጻፍ፣ ፐርሰንት ግን አይሆንም። 8 ፐርሰንቱ ከየት ነው የሚወጣው ብላችሁ አስባችኋል? ዴስክ ላይ ያላችሁ ትርፍ ራሱ ስንት ሆኖ ነው። የፌደራል መስሪያ ቤት ላይ መወዳደር ከፈለጋችሁ፣ ዩኒቨርሲቲው ለምሳሌ፣ በኤሌክትሮኒክ ግዥው ሲስተም መመዝገብ አለባችሁ፣ እሱን ልጅ ይዛችሁ ራሳችሁ ትጨርሳላችሁ፣ ለሱ ማንም 25 ሺ አይገባውም።

ሰው የማያወራው ግን ካሸነፋችሁ በኋላ ያለውን ነው። የውል ማስከበሪያ 10 ፐርሰንት ታስይዛላችሁ፣ ቅድሚያ ክፍያ እስከ 30 ፐርሰንት ይፈቀዳል ግን እኩል ጋራንቲ ይፈልጋል፣ ዋጋው ደግሞ የተቆረጠ ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ሆኖ ከተለቀቀ በኋላ በድሮ ቱቦላሬና ላሜራ ዋጋ የፈረሙ ልጆች እዚሁ ከተማ ምን እንደሆኑ አይቻለሁ፣ አሸንፈው ነው የከሰሩት። ከዘገያችሁ ደግሞ ብዙ ውል ላይ ላልቀረበው ዕቃ በቀን 0.1 ፐርሰንት ይቆረጣል፣ እስከ 10 ፐርሰንት። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው ሥራ ቤታችሁን ነው፣ 7 ሰው በቀን ስንት ዴስክ ያወጣል? ካይዘን ካይዘን (የጃፓኖቹ የአሰራር ማሻሻያ) ሲባል ሰው ይስቃል ግን ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት የሚሉት ነገር ብየዳ ቤት ውስጥ ይሰራል። አንድ ቤት ልጆቹ የብረት መቁረጫ ዲስክና ሜትር ፍለጋ ሲዞሩ ነበር የሚውሉት፣ ግድግዳ ላይ ቦታ ሰጥተናቸው ብቻ ሥራው ፈጠነ

ታቦር ብየዳ፦
ኧረ ግዥ ክፍል የነበርሽው እህቴ እግዜር ይስጥልኝ!! አሁን ኮፒውን አውጥቼ አየሁት፣ ቫት ሳንጨምር ነው የሞላነው፣ ሸሪኬ ነበር የሞላው (አሁን ዝም ብሏል)። ቅሬታውስ አልፎበታል። ሰውዬውን ዛሬ ማታ ደውዬ ይቅርብን እለዋለሁ። ዴስክ ደግሞ ቆጥረን አናውቅም እውነት ለመናገር፣ በቀን 6 ይመስለኛል። ጨረታው 400 ነው የሚለው፣ የማስረከቢያው ጊዜ 45 ቀን

ሒሳብ አዋቂ 22፦
6 በ45 ስታባዛው 270 ነው ወንድሜ፣ እሱም እሁድን ሳታርፉ። 130 ይጎድልሃል። ዲስኩን ግድግዳ ላይ ስቀሉና ሳምንት ቆጥራችሁ ተመለሱ፣ ጨረታው በሎት (ለየብቻ በሚወዳደሩበት ክፍል) የተከፋፈለ ከሆነ ደግሞ አንዱን ሎት ብቻ ግቡ