ስኖውሞቢሌ ጠንካራ መንገድ ላይ ይሞቅብኛል፤ ራዲያተር ልጨምርለት?

የሚል ላክስ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ክላውድ አካባቢ ነው። ሐበሻ በረዶ ሲመጣ በሩን ዘግቶ ቡና ያፈላል፤ እኔ ግን ለይቶልኝ ስኖውሞቢል፣ ያው በረዶ ላይ የሚነዳውን ባለ ሞተር ማሽን ገዛሁ። ባለቤቴ «በዚህ ብር አገር ቤት ግማሽ ቪትስ ይገዛ ነበር» እያለች እስካሁን ታነሳብኛለች።

ማሽኑ ያገለገለ ነው። 600 ሲሲ፣ ሁለት ስትሮክ፣ በኩላንት (በማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሚቀዘቅዝ። አዲስ በረዶ ላይ ስነዳው ምንም አይልም፤ የሙቀት ጌጁ 130 ፋራናይት አካባቢ ቁጭ ይላል። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ትሬይሉ (የስኖውሞቢል መንገዱ) ሰው ሲመላለስበት ውሎ እንደ አስፋልት ሲጠነክር፣ ወይም ሚል ላክስ ሐይቅ ላይ ነፋስ በረዶውን ጠርጎ ግግሩን ብቻ ሲያስቀረው፣ ሙቀቱ 170፣ 190 እያለ ይወጣና ቀይ መብራት ይበራል። ከመንገድ ወጥቼ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ትንሽ ከነዳሁት ወዲያው ይወርዳል። ጠንካራው ላይ ስመለስ ያው ነው።

ኩላንቱ አልጎደለም፣ የሚያንጠባጥብም ነገር የለም። ኩላንቱንም ቱቦዎቹንም የቀድሞው ባለቤት ሊሸጠው ሲል ቀይሯቸዋል። ኢንተርኔት ላይ ፋን ያለው ተጨማሪ ራዲያተር አይቻለሁ፤ ዋጋው ግን ኪስ ያራግፋል። ብር ከማውጣቴ በፊት የሞከረ ካለ ይንገረኝ። እንደ 2023–24ቱ ዊንተር በረዶ ከጠፋ ደግሞ ጭራሽ ጋራዥ ውስጥ አቧራ ሊጠጣ ነው።

ኤድመንተን ነኝ፦

ወንድም፣ ራዲያተሩን ለጊዜው እርሳው። መጀመሪያ ስክራቸር ግጠምለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪና ላይ ራዲያተሩ ፊት ለፊት ነፋስ ይመታዋል። የአንተ ዓይነቱ ማሽን ላይ ግን ብዙውን ጊዜ እንደዚያ ያለ ነገር የለም። ኩላንቱ የሚዞረው ከመቀመጫው ስርና ከእግር መርገጫው ጋር በተገጠሙ የአልሙኒየም ኩለሮች ውስጥ ነው። እነሱን የሚያቀዘቅዛቸው ትራኩ (ማሽኑን የሚገፋው ሰፊ የጎማ ቀበቶ) እየዞረ ከስር ወደ ላይ የሚረጨው በረዶ ነው። በረዶው ትኩሱ አልሙኒየም ላይ ሲያርፍ ይቀልጣል፣ ሙቀቱንም ይዞ ይሄዳል። መንገዱ ሲጠነክር ትራኩ የሚያነሳው በረዶ የለም። ስለዚህ ኩለርህ ጤነኛ ቢሆንም ስራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል። ለስላሳው ውስጥ ስትገባ ወዲያው የሚበርድልህም ለዚህ ነው።

ስክራቸር ማለት ጫፉ ጠንካራ የሆነ፣ ከትራኩ ውስጥ ካለው ሐዲድ ወደ መሬት የሚንጠለጠል የብረት ጅራፍ ነው። በግራና በቀኝ አንዳንድ ይገጠማል። ስትነዳ ግግሩን እየጫረ ዱቄት ያደርገዋል፣ ትራኩም ዱቄቱን ወደ ኩለሩ ይረጨዋል። ከራዲያተሩ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ትንሽ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በል፦ ወደ ኋላ ሲነዳ የሚታጠፈውን ዓይነት ግዛ። ደረቁን ዓይነት አውርደህ ረስተኸው ሪቨርስ ካስገባህ ተጣሞ ወይ ተሰብሮ ታገኘዋለህ። ለስላሳ በረዶ ላይ አያስፈልግህም፣ ወደ ላይ አንስተህ ታስረዋለህ።

ሌላም ጥቅም አለው። ትራኩ የሚንሸራተትበት ፕላስቲክ ስላይድ ቅባቱ በረዶ ነው። ጠንካራ መንገድ ላይ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸቶህ ከሆነ እሱ እየቀለጠ ነው ማለት ነው።

ቶሎ ቶሎ፦

ምን ያስለፋሃል፣ ቴርሞስታቱን፣ ያችን የኩላንቱን መንገድ በሙቀት የምትከፍትና የምትዘጋውን ቫልቭ፣ አውልቀህ ጣለው። አዲስ አበባ እያለሁ ኮሮላዬ እንጦጦን ሲወጣ ውሃ ያፈላ ነበር። መካኒኩ አወጣልኝ፣ ተገላገልኩ።

የድሮ መካኒክ፦

ቶሎ ቶሎ፣ ስምህም ምክርህም አንድ ሆነብኝ። እኔም ሶማሌ ተራ አካባቢ ስሠራ ስንቱን ቴርሞስታት አውጥቻለሁ። ያኔ ደንበኛው ቶሎ መሄድ ይፈልጋል፣ አየሩም ይቅር ይልሃል። አሁን አንከሬጅ ነኝ፣ እነዚህን ማሽኖች እጠግናለሁ። እዚህ ያንን ምክር የሰማ ሰው ሞተሩን በሳጥን ይዞ ይመጣል።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ሁለት ስትሮክ ሞተር ላይ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ቀድሞ ይሞቃል፣ ይሰፋልም። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ የሚቆየው ሲሊንደሩም አብሮ እንዲሞቅ ነው። ካወጣኸው፣ ከኩለሩ የሚመጣው በረዶ የመሰለ ኩላንት ሲሊንደሩን እንደቆረፈደ ያቆየዋል። አንተ ጋዝ ትሰጣለህ፣ ፒስተኑ ያብጣል፣ ክፍተት ያጣል፣ ይነክሳል። በሙቀት ብቻ ሳይሆን በብርድም ሞተር ይሞታል። ከጠረጠርከው አውጥተህ በድስት ውሃ ውስጥ ጣደው፣ ቴርሞሜትር ያዝ፣ ራሱ ላይ በተጻፈው ዲግሪ ከተከፈተ ደህና ነው። ካልተከፈተ አዲስ ግዛ፣ ውድ አይደለም።

ልጄ የሚል ላክስ፣ ኤድመንተን ያለህ ልክ ነው፣ ስክራቸሩን ግጠም። እኔ ግን አንድ ቃልህ ላይ ቆሜያለሁ፦ ኩላንቱ በቅርቡ ተቀይሯል ብለሃል። እነዚህ ማሽኖች ላይ የኩላንቱ መንገድ ረጅም ነው፤ እስከ ኋላ ሄዶ ይመለሳል። በቅጡ ካልተነፈሰ አየር ውስጡ ይቀራል። አየር ያለበት ኩለር ደግሞ ግማሹ ባዶ ነው በለው።

ምርመራው ቀላል ነው። የኋላውን ከመሬት አንስተህ በማይነቃነቅ መቆሚያ ላይ አስቀምጠው፣ ትራኩ አጠገብ ሰው አይቁም። ሞተሩ እስኪሞቅና ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ዝም ብለህ አስነሳው፣ ግን ሲቆም ቶሎ ይሞቃልና ጌጁን ጠብቅ። ከዚያ አጥፋውና በእግር መርገጫዎቹ ስር ያሉትን ኩለሮች ከፊት እስከ ኋላ በእጅህ ዳብስ። አንዱ ጎን ሞቆ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ እዚያ ጋ አየር ወይም የተደፈነ ነገር አለ።

አየር ከሆነ፣ ሞተሩ ሲበርድ የኩላንቱ መሙያ ከሁሉም ከፍ እንዲል ፊቱን አንሳው። መተንፈሻ ብሎን ካለው ፍታው፣ ቀስ እያልክ ሙላ። ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትከፍት፣ ፊትህን ነው የሚልጥህ።

አረፋው ሞተሩ በሠራ ቁጥር ማለቂያ ካጣ ግን ሌላ ወሬ ነው፤ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ስክራቸርም ራዲያተርም አያድንህም።

ኩላንቱንም ለካ። ግማሽ በግማሽ ውሃ የተቀላቀለ ኤትሊን ግላይኮል ከዜሮ በታች እስከ 34 ፋራናይት ይችላል። «ለብርድ ይበልጥ ይጠቅማል» ብሎ ንጹሁን የሚሞላ ሰው አለ። ንጹሁ የሚረጋው ከድብልቁ ቀድሞ ነው፣ ሙቀት መሸከምም ላይ ከድብልቁ ያንሳል።

የሚል ላክስ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት ዳበስኩት። የግራው ከፊት እስከ ኋላ ሞቋል። የቀኙ ከመሃል ጀምሮ እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ነው። በማግስቱ ማሽኑ በርዶ እያለ ፊቱን ጋራዤ ደጃፍ ላይ አንስቼ ሳስተነፍሰው ቡልቅ ቡልቅ እያለ አየር ወጣ፣ ኩላንቱም ወረደ። ሞላሁት፣ ደገምኩት፣ አረፋው ቆመ። ስለዚህ ጋርኒሲዮኑ ተርፏል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ስክራቸሩንም ሪቨርስ የሚችለውን ገጠምኩ። ሐዲዱን መብሳት ነበረብኝ፤ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነበር። አሁን ጠንካራው ትሬይል ላይ ከ150 ብዙም አያልፍም። በረዶ ጭራሽ የሌለበት፣ መስታወት የሆነ ግግር ላይ ግን አሁንም ቀስ እያለ ይወጣል። ለእሱ ራዲያተሩን ልግዛ?

ኤድመንተን ነኝ፦

ግግር ላይ ስንት ሰዓት ትነዳለህ? ዓሣ ማጥመጃ ቤት ጎትተህ በቀስታ የምትሄድ ከሆነ ወይም ግግር ላይ የምትወዳደር ከሆነ ግዛው፣ እዚያ ላይ ዋጋውን ያወጣል። ሐይቁን ለማቋረጥ ብቻ ከሆነ ግን ክብደት፣ ተጨማሪ ቱቦና ባትሪ የሚበላ ፋን ነው የምትሸከመው። ጥግ ጥጉን በረዶ ስለሚከማች በዚያ በኩል ዙር። መብራቱ ከበራም ቁመህ ከስሩ ባለው ኩለር ላይ በረዶ እየዛቅህ ለጥፍበት። ሞተሩ ላይ አይደለም፣ ኩለሩ ላይ።

የሚል ላክስ ልጅ፦

ለማቋረጥ ብቻ ነው። እንግዲያው ቀረ፣ ባለቤቴም ደስ ይላታል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ግግር ላይ እንዳይንሸራተት ትራኩ ላይ ሚስማር አስተክል የሚሉኝ አሉ። ሙቀቱን ይነካዋል?

የድሮ መካኒክ፦

ሙቀቱን ብዙም አይነካም፣ ኩለሩን ግን ሊበሳው ይችላል። ትራኩ ከኩለሩ በታች በጠባብ ክፍተት ነው የሚያልፈው። ከመግዛትህ በፊት ክፍተቱን ለካ፣ በሚስማሩ ርዝመት ልክ መከላከያ ሐዲድ አስገጥም። አንድ ሚስማር አልሙኒየሙን ከነካው ኩላንቱ በረዶው ላይ እየተንጠባጠበ ይከተልሃል። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ አስፋልት በተነጠፈባቸው ትሬይሎች ላይ ሚስማር ክልክል ነው፤ የምትሄድበትን መንገድ ካርታውን አይተህ አረጋግጥ።