ለ400 ሚሊሜትር ሌንሴ የቱን ካሜራ ልግዛ?

የባቱ መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባቱ ከተማ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወፍ ፎቶ አነሳለሁ። ዓምና ያገለገለ የካኖን 400 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6 ሌንስ ገዛሁ። በጣም ወድጄዋለሁ። ካሜራዬ ግን ካኖን 1200ዲ ነው፤ አልቻለውም።

አጥማጆቹ ዓሣ ሲያጸዱ ፔሊካኖቹና አባ ኮዳዎቹ እግራቸው ሥር ይርመሰመሳሉ። እነሱን ማንሳት አይከብድም። ንስሩ ነው ያቃተኝ። ዛፍ ላይ ሆኖ ይጠብቅና ድንገት ይወረወራል። የኔ ካሜራ በሴኮንድ 3 ፎቶ ብቻ ነው የሚያነሳው። አንደኛው ላይ ንስሩ ውሃውን ገና አልነካም። ሁለተኛው ላይ የውሃ ፍንጣቂ ብቻ። ሦስተኛው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየሄደ ነው። ጥፍሩ ዓሣው ላይ ሲያርፍ የሚያሳይ አንድም ፎቶ የለኝም። ዓመት ሙሉ ሞከርኩ።

ደግሞ ወደኔ ዞሮ ተቀምጦ ሳነሳው ጅራቱ ጥርት ይልና ዓይኑ ይደበዝዛል። እጄ ይሆን?

90 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። ካኖን ላይ ልቆይ ወይስ ሁሉንም ሸጬ ሌላ ልጀምር? ጓደኞቼ ሜጋፒክስል የበዛበትን ግዛ ይሉኛል።

ባለ ዲ500፦
ወንድሜ፣ እኔ ኒኮን ዲ500 ከ200-500 ሌንስ ጋር ነው የምጠቀመው። በሴኮንድ 10 ፎቶ ያነሳል። ዙም መሆኑም ጥቅም አለው፤ ፔሊካን ሲጠጋህ 400 ላይ ቆመህ ክንፉን አትቆርጥም። ክብደቱን ግን አልደብቅህም። ሌንሱ ብቻ 2.3 ኪሎ ነው። ከካሜራው ጋር 3 ኪሎ ያልፋል። ያንተ ሌንስ 1.25 ኪሎ ነው፤ በእጅህ ይዘህ ንስር መከተል ትችላለህ። እኔ ክንዴ ሲዝል ያመለጠኝ ብዙ ነው።

ከፊልም ዘመን፦
መምህር፣ ያንን ሌንስ እንዳትሸጥ። 30 ዓመት ወፍ አንስቻለሁ። በረራ ላይ እንደሱ ቀልጣፋ ሌንስ ጥቂት ነው ያየሁት።

የጅራቱን ነገር አስቀድመን እንይ፤ እሱ ካልታወቀ የምትገዛውም ካሜራ ያስለቅስሃል። ንስሩ 15 ሜትር ላይ ካለ በዚህ ሌንስ ጥርት የሚለው ጥልቀት 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው። ካሜራህ ትንሽ ወደ ኋላ አልፎ ፎከስ ካደረገ ዓይኑ ይቀራል፣ ጅራቱ ይያዛል። አምስት የለስላሳ ጠርሙሶች ሰያፍ አድርገህ ደርድር። እያንዳንዱ ከፊተኛው 15 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ ይሁን። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርገህ መሃለኛውን አነጣጥር። መጀመሪያ በቪውፋይንደር (ዓይንህን አስጠግተህ በምታይበት ቀዳዳ)፣ ከዚያ በላይቭ ቪው (ከኋላ ባለው ስክሪን እያየህ) አንሳው። በላይቭ ቪው መሃለኛው ጠርቶ በቪውፋይንደር የኋለኛው ከጠራ እጅህም ሌንስህም ደህና ናቸው። ካሜራውና ሌንሱ አልተናበቡም ማለት ነው። 1200ዲ ደግሞ ይህን የሚያስተካክል መቼት የለውም።

ስለዚህ ያገለገለ ካኖን 7ዲ ማርክ 2 ካሜራ ፈልግ እልሃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። 20 ሜጋፒክስል ነው፤ ይበቃሃል። ላንተ የሚያስፈልግህ በሴኮንድ 10 ፎቶው፣ 65 የፎከስ ነጥቡና የሌንስ ማስተካከያው ነው። ሲሸጡልህ ሹተሩ (ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቅ፤ የተሠራው ለ200 ሺህ ፎቶ ነው። የኮምፓክት ፍላሽ ሚሞሪ ካርድ ማስገቢያውን በባትሪ ብርሃን እየው። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ተጣመው ከሆነ ተወው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ከውሃው በላይ ያለው አየር መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ የትኛውም ካሜራ አያድንህም። በጊዜ ውጣ።

እህት ከሜሪላንድ፦
እኔ ይህንኑ ሌንስ በካኖን አር7 ካሜራ ላይ ነው የማስረው። ሁለቱን የሚያገናኘው አዳፕተር ውስጡ መስታወት የለውም፣ ጥራት አይቀንስም። ካሜራው የወፉን ዓይን ራሱ ፈልጎ ይይዛል። ጋሼ ያሉት የማስተካከል ጣጣም የለበትም። ሌንሱ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የለውም፣ አር7 ግን አካሉ ውስጥ አለው። ማታ ማታ ተቀምጦ ያለ ወፍ ሳነሳ በጣም ረድቶኛል። ለሚወረወር ንስር ግን የሹተሩን ፍጥነት 1/2000 ሴኮንድ ላይ ስለምታደርገው ያ መከላከያ ብዙም አይጠቅምህም። ድምፅ አልባውን ሹተርም ለበረራ አትመነው፤ ክንፉን ያጣምመዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ 1,499 ዶላር ነበር። እኔ ብሆን አሁን 7ዲውን ገዝቼ አር7ን ቀስ ብዬ አጠራቅምለት ነበር።

የባቱ መምህር፦
ጋሼ፣ ጠርሙሶቹን ደርድሬ ሞከርኩት። ልክ እንዳሉት ነው። ሦስተኛውን አነጣጥሬ በቪውፋይንደር የጠራው አራተኛው ነው፤ ጽሑፉ ሁሉ ይነበባል። በላይቭ ቪው ሦስተኛው ቁልጭ አለ። ዓመት ሙሉ እጄን ስወቅስ ከርሜ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ፣ አንቺንም አመሰግናለሁ።

አዲስ አበባ አንድ ሰው ጋ 7ዲ ማርክ 2 አግኝቻለሁ። ሹተሩ የሠራው 41 ሺህ ጊዜ ነው። ማክሰኞ ሄጄ ሽቦዎቹን አያለሁ። አንድ ጥያቄ፤ ሌንሱ ጎን ላይ 3.5 ሜትርና 8.5 ሜትር የሚል ማብሪያ አለ። ለንስሩ የቱ ላይ ላድርገው?

ከፊልም ዘመን፦
8.5 ላይ። ፎከሱ ቅርብ ቅርቡን እየፈለገ አይባክንም። ፔሊካን ሲጠጋህ ብቻ ወደ 3.5 መልሰው።