ጮቄ ሥር ቅኔ ቤት ለመግባት፦ ጸሎቱ፣ ቁራሹ፣ ብርዱ

ጥያቄ — ሰንበት ተማሪ

ሰላመ እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን። ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ፣ ከሐምሌ መባቻ እስከ መስቀል፣ ጎጃም ጮቄ ተራራ ሥር ካሉት ቅኔ ቤቶች በአንዱ ለመቀመጥ አስቤያለሁ። ንባብ ይወጣልኛል፣ ዳዊት እደግማለሁ፣ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነው። የግእዙን ግስ ግን አልጀመርኩም። የምሄደው ቅኔ አዋቂ ለመባል ሳይሆን ከከተማው ጫጫታ ርቄ ጸሎቴን ለማደስ ነው። ትምህርቱ ቀንም ሌሊትም ከሆነ የግል ጸሎት መቼ ይያዛል? የመጀመሪያው ሰሞን ግለት ሲበርድስ ምን ይደረጋል? ከቤት ምን ይዤ ልውጣ? ቁራሽ ልመናውን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼዋለሁ። ገንዘብ ይዤ ብሄድ ነውር ይሆን?

መልስ — የዋሸራ ቤት

ወንድሜ፣ ሐሳብህ መልካም ነው፤ ጊዜውን ግን ስተኸዋል። ሐምሌና ነሐሴ በደጋ ለቆሎ ተማሪ ክፉ ወራት ናቸው። አዲሱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው፣ የአምናው ከጎተራ እያለቀ ነው፤ ገበሬው ራሱ እየቆጠረ በሚበላበት ወቅት ደጁ ልትቆም ነው። ወንዙ ሞልቶ መንደር ከመንደር ይቆራርጣል። ያገኘኸውን ቁራሽ የምታደርቅበት ፀሐይም የለም። ርጥብ እንጀራ አኮፋዳ ውስጥ ተጠቅጥቆ ከዋለ በሦስተኛ በአራተኛ ቀኑ ይሻግታል፤ በበጋ ግን በግማሽ ቀን ድርቆሽ ይሆናል። ዓመቱን ማቋረጥ የሚችል ሰው ቢገባ የሚሻለው አውድማ ከተነሣ ወዲያ፣ ከጥር ጀምሮ ነው። ክረምቱን ካልሆነ የማይሆንልህ ከሆነ የመጀመሪያውን ወር ስንቅ ከቤትህ ይዘህ ውጣ፦ 5 ኪሎ በሶ፣ 2 ኪሎ ሽሮ፣ ጨው። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ስለሚገባ ቅቤ የነካው ጭኮ አትያዝ።

በሦስት ወር ቅኔ አይዘለቅም፤ ይህን ዐውቀህ ግባ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት የሚበላው ግስ ነው። ስምንቱን አርእስተ ግስ፣ ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ፣ ባረከ፣ ማሕረከ፣ ሴሰየ፣ ክህለ፣ ጦመረ፣ እያረባህ ካላመላለስክ ጉባኤ ቃና፣ አጭሯን ቅኔ፣ ልቁጠር ብትል ቃሉ አይታዘዝልህም። ብዙ አዲስ ገቢ የሚሰናከለው እዚህ ነው። በደብተር ይጽፈዋል፣ ያዝኩት ብሎ ይተኛል፤ በማግስቱ አስነጋሪው፣ ግስ የሚያስጠናው ነባር ተማሪ፣ ፊት ሲቆም አፉ ይያያዛል። የጉባኤ ቤት ትምህርት በጆሮ ገብቶ በአፍ የሚወጣ ነው። ደብተሩ ለማስታወሻ ይሁን።

ስለ ጸሎቱ የጠየቅኸው ግን እዚያው ቆጠራው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነች፣ የሁለቱም መጨረሻ ፊደል ቤት ይመታል። ተማሪው ጠዋት ከጉባኤው ወጥቶ ዛፍ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ይቀመጣል። ነሐሴ 13፣ ደብረ ታቦር ነው እንበል። ወርቁ ታውቋል፦ ጌታ በተራራው ላይ ብርሃነ መለኮቱን ገለጠ፣ ልብሱ እንደ ብርሃን ነጣ። ሰሙን ፍለጋ ቀና ሲል ፊት ለፊቱ ጮቄ ጉም ለብሷል። ጉሙ ሲነሣ ጫፉ ይገለጣል። «ልብስ» የምትለዋ ቃል ለተራራውም ለጌታም ትሆናለች፤ እርሷን ይዞ ግሱን ይፈልጋል። ጴጥሮስ ሦስት ዳስ እንሥራ ማለቱ ትዝ ካለው ደግሞ የምታፈሰው የራሱ ጎጆም ሰም ትሆንለታለች። ሁለት ቤት ለመግጠም ግማሽ ቀን አንዲት የወንጌል ቃል ሲያላምጥ ይውላል። ከዚህ ሌላ ምን ዓይነት ጽሞና ይፈለጋል? የቅኔ ቤት ሰው የተለየ የጸሎት መርሐ ግብር ይዞ መሄድ የለበትም የምለው ለዚህ ነው፤ የኔታ የሰጡት ሥርዓት ይበቃዋል።

መልስ — ዘመንፈቀ ሌሊት

ከላይ የተጻፈው በግስና በወቅቱ ረገድ ትክክል ነው፣ በመጨረሻው ግን አልስማማም። ቅኔ ማሰላሰል እንጂ ጸሎት አይደለም፤ ውዳሴ ከንቱም የሚገባው በዚያው በር ነው። ቅኔው ተሳክቶለት ጉባኤው «ይበል!» ያለው ተማሪ በማግስቱ ዳዊት ሲደግም ልቡ ቅኔው ላይ ይሆናል። ስለዚህ ትንሽ የግል ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ትንሽ ማለቴ ይሰመርበት።

የዳዊት ሳምንታዊ አከፋፈል እንደምታውቀው ነው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዐርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሑድ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ። ዐሥር መዝሙር አንድ ንጉሥ ስለሚባል ሰኞ ሦስት ንጉሥ ማለት ነው። ይህን ሙሉውን ልያዝ ብሎ የገባ አዲስ ተማሪ ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሳምንት ሁሉንም ይጥለዋል፤ ግሱም፣ ውሃ መቅዳቱም፣ እንጨት ለቀማውም፣ ቁራሹም እየጠበቁት ነውና። በቀን አንድ ንጉሥ ከዕለቱ ውዳሴ ማርያም ጋር ያዝ። በ15 ቀን ዳዊት ትደግማለህ። ቦታውም ሰዓቱም የተወሰነ ይሁን። የሚሻለው ሌሊት ለቃል ትምህርት ስትነሣ፣ ድምፅ አሰምተህ ማጥናት ከመጀመርህ በፊት ነው። ማታ ላድርሰው ካልክ እንቅልፍ ይቀድምሃል።

ስለ ግለቱ መብረድ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጣፍጣሉ። ጸጥታው፣ የሌሊቱ ከዋክብት፣ የተማሪው ድምፅ ከየጎጆው ሲንጫጫ። ወደ ሦስተኛው ሳምንት ልብ ይደርቃል፤ ጸሎቱ እንደ ገለባ ይሆናል፣ «እግዚአብሔር ራቀኝ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ያን ጊዜ መጀመሪያ የምትመረምረው ሥጋህን ነው። ስንት ሰዓት ተኛህ? ትናንት ምን በላህ? ትኩሳት አለህ? በደጋ ብርድ አራት ሰዓት እየተኛ በደረቅ ቁራሽ የሚውል ሰው ልቡ ቢደርቅ አይገርምም። እንቅልፉን ለሦስት ቀን አስተካክል። ሳይለቅህ ከቆየ ለንስሐ አባትህ ንገር። ጾም ጨምረህ ልታሸንፈው አትሞክር፤ ፍልሰታ ላይ ከሆንክማ ጾሙ አለልህ። ለመቁረብ ካሰብክ የ18 ሰዓቱን ጾም ቁራሽ ፍለጋ ከምትወጣበት ቀን ጋር አታጋጥመው፣ ዳገት ላይ ያዞርሃል።

ሕልምም አለ። ብቸኝነትና የእንቅልፍ እጦት ሕልም ያበዛሉ። ያየኸውን ለጎጆ ጓደኛ እያወራህ ትርጉም አትሰብስብ። በሕልም ተነሥቶ ስለት መሳልና ለመመንኮስ መነሣት በአዲስ ገቢ ዘንድ የተለመደ ነው፣ የሚያስቆጭም እርሱ ነው። ለካህን ንገርና ተወው።

መልስ — ጤና ጣቢያ

እኔ የምጨምረው ሁለት ትልልቅ ነገርና ጥቂት ትንንሽ ነው።

አንደኛው ቅማል ነው። የልብስ ቅማል ይዞት የሚመጣው ግርሻ ትኩሳት የቆሎ ተማሪዎችን ደጋግሞ የሚያጠቃ በሽታ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በብርድ ምክንያት ልብስ አይወልቅም፣ በጠባብ ጎጆ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ይተኛል፣ ደበሎና ጋቢ ይዋዋሳሉ። ቅማሉና እንቁላሉ የሚገኙት በስፌቱ እጥፋት ውስጥ ስለሆነ ልብሱን ገልብጠህ በብብትና በወገብ በኩል እይ። ሁለት ቅያሬ ያዝ፤ አንዱን በሳምንት አንድ ቀን በፈላ ውሃ ዘፍዝፍ። መቀቀል ያልቻልከውን ሁለት ሳምንት ያህል ሳትለብሰው አስቀምጥ፣ ቅማሉ ሰው ካልነከሰ ይሞታል። በሽታው በድንገተኛ ኃይለኛ ትኩሳትና ራስ ምታት ይጀምራል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይለቃል፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ይመለሳል። ብዙዎች ሲለቃቸው ዳንኩ ይላሉ። መድኃኒት ገዝተህ ጎጆ ውስጥ አትዋጥ፦ መድኃኒቱ ጀርሙን ሲገድል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትኩሳቱ ይብሳል፣ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል። የመጀመሪያው መድኃኒት በጤና ባለሙያ ክትትል ሥር መወሰድ አለበት። ጠበል ተጠመቅ፣ ጤና ጣቢያም ሂድ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ሁለተኛው አብሾ ነው። ቃል ያስይዛል፣ ትምህርት ይከፍታል ብሎ የሚያቀርብልህ ሰው አይጠፋም። የሚሠራው አስተናግር ከሚባለው ዕፅ ነው። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን ናቸው፤ ስኮፖላሚን ደግሞ ማስታወስን የሚያዳክም ነው፣ ያስይዛል የሚባለው ተገላቢጦሽ ነው። አፍ ይደርቃል፣ ልብ ይመታል፣ ሽንት ይቆማል፣ ሰውየው የሌለ ያያል። በባሕል መጠኑ የሚለካው በግምት ስለሆነ የሚገድልም አለ። ያንን ቅዠት እንደ መንፈሳዊ ራእይ መቁጠር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የቀረው፦ በ3000 ሜትር ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም። ከዋዜማው ዘፍዝፈው። የሚጠጣውን ውሃ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ አቆየው። ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ እንዳትተኙ፤ ሽታ የሌለው ጭስ ነው የሚገድለው። ላስቲክ 3 ሜትር ለጎጆው ጣሪያ፣ የጎማ ቦት፣ ወፍራም ቡሉኮ፣ ባትሪ፣ ሳሙና፣ መርፌና ክር ያዝ። ሌላው ሸክም ነው።

ጥያቄ — ሰንበት ተማሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግራ ያጋባኝ የገንዘቡ ነገር ብቻ ቀረ። ከእኔ ጋር ልትሄድ የምትፈልግ እህትም አለች፣ ቅኔ ቤት ሴት ይቀበላሉ?

መልስ — አኮፋዳ

ለእህታችን፦ የምትገባበትን ጉባኤ አስቀድማ ማረጋገጥ አለባት፣ ሁሉም ጋ ማደሪያ የለም። ቅኔ የወንድ ብቻ አለመሆኑን ግን ጎጃም ከማንም በላይ ያውቃል፤ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የማስተማሪያ ወንበር ዘርግተው ስንቱን ቅኔ ዘራፊ አውጥተዋል። ማደሪያው በሴቶች ገዳም ጥግ ከሆነ ይሻላል።

ለአንተ፦ ገንዘብ መያዝ ነውር አይደለም፣ ለብቻ መብላት ነው ነውሩ። ለመመለሻና ለሕክምና የሚሆነውን ለይተህ አስቀምጥ። ከተረፈህ ለጎጆው ሽሮና ጨው ግዛ። ብር እያወጣህ ለተማሪው አታድል፤ በሳምንት ውስጥ ተማሪ መሆንህ ቀርቶ ለጋሽ ትሆናለህ፣ ማንም ስሕተትህን አያርምህም። የቀበሌ መታወቂያህንና ከአጥቢያህ የተጻፈ መሸኛ ለየኔታ ቀድመህ አሳይ።

ልመናው የሚያስፈራው እስከ ሦስተኛው ደጅ ነው። ከአጥሩ ውጭ ቆመህ «በእንተ ስማ ለማርያም» በል፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ እንዳፈረ ሰው ብታንሾካሹክ የሚሰማህ ውሻው ብቻ ነው። «እግዜር ይስጥህ ተማሪ» ካሉህ የለም ማለታቸው ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለህ እለፍ፣ አትቁም፣ አትከራከር። ወጥ የነካውንና ደረቁን በአንድ ላይ አትክተት። እዚያ ደጅ ላይ የምትጠራው የእመቤታችን ስም ጎጆ ገብተህ ከምትጸልየው ሁሉ የቀለለ አይደለም፤ ሳትቸኩል ጥራው።

ውሻ ሲመጣብህ ዱላህን ወደ ላይ አታንሣ። ጫፉን ከፊትህ መሬት ላይ አድርገህ ቁም፣ ወደ ኋላ አትሩጥ። ከነከሰህ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ እጠብና ያንኑ ቀን ለክትባት ሂድ፤ ውሻው ጤነኛ ነው ቢሉህም እንኳ።