በአዲሱ የአርቪ ማረፊያችን የመብራት ወጪን እንዴት እንቆጣጠር?

ጥያቄ፦ ውድ ወገኖቼ፣ ከባለቤቴ ጋር በቴክሳስ አነስተኛ የአርቪ (እንደ ቤት የሚኖርበት ተሽከርካሪ) ማረፊያ በቅርቡ ከፍተናል። በወር የሚከራዩን ደንበኞች በሙቀቱ ወራት ኤርኮንዲሽነር ቀንና ሌሊት ስለሚያሠሩ፣ መብራትን ጨምረን የተመንነው ኪራይ ወጪውን አልሸፍን ብሎናል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ 1፦ እኅቴ፣ ለወርኀዊ ተከራዮች በየቦታው ቆጣሪ አስገቡ። ለአርቪው መብራት ከሚሰጡት መስመሮች ባለ 50 አምፔሩ እስከ 12,000 ዋት ሲሰጥ ባለ 30 አምፔሩ የሚሰጠው 3,600 ዋት ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን በእኩል ዋጋ ማከራየት ጥቂት የሚጠቀመውን መበደል ነው። ለአንድ ሌሊት የሚያድረው ግን በኪራዩ ውስጥ ይታሰብለት።

መልስ 2፦ በሐሳቡ እስማማለሁ፤ ሆኖም መብራትን ለተከራይ መልሶ ስለ መሸጥ የሚደነግገው ሕግ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ፣ ውሉን አስቀድሞ ጠበቃ ይመልከተው።

መልስ 3፦ ደንበኛ በወጣ ቁጥር አርቪው የሚሰካበትን ሶኬትም መርምሩ። ቀዳዳው ጠቁሮ ወይም ፕላስቲኩ ቀልጦ ከተገኘ፣ ሳይቀየር ሌላ እንግዳ አታስገቡ።