መኪናዬ የእንጦጦ ዳገት ላይ ቆማለች፤ እንግዶች ይዣለሁ፣ ምን ላድርግ?

የለገጣፎዋ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወጣው ዳገት ላይ ነን። የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ፤ ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ኬንያዊት የሥራ ባልደረባዬንና እህቷን ወደ እንጦጦ ፓርክ እየወሰድኳቸው ነበር። ባልደረባዬ አዲስ አበባ ከገባች ወራት ቢያልፉም ከቢሮዋና ከተከራየችው ቤት በቀር ያየችው ነገር የለም፤ ሁለታችንም ዕረፍት የሆንበት ፀሐያማ ቅዳሜ ሲገኝ ይኸው። በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዣለሁ። አሁኑኑ ልጨምርበት? እስከ ላይ ትደርስልኝ ይሆን?

ባለ መፍቻ፦
እህቴ፣ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነኪ! ውስጡ ያለው ውኃ በግፊት የታመቀ ስለሆነ ከፈት እንዳደረግሽው ፊትሽ ላይ ይፈነዳል። መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ ከኋላ ጎማዎች ሥር ትልልቅ ድንጋይ ታኮ አድርጊ፣ እንግዶችሽን ከመኪናው አውርደሽ ከአስፋልቱ ራቅ አድርጊያቸው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። እስከዚያው ሁለት ነገር ንገሪኝ፤ ከመቆምሽ በፊት የራዲያተሩ ፋን ይዞር ነበር ወይ? ከሥሯ መሬት ላይ የሚንጠባጠብ አለ?

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ ይህ ዳገት ለምን መኪና እንደሚፈትን ማወቅ ይጠቅምሻል። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በዚያ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊቱን አምቆ የመፍያውን ሙቀት ከ100 በላይ ባያደርሰው ኖሮ እዚያ የምትወጣ መኪና ሁሉ ትፈላ ነበር። ስለዚህ የክዳኑ ላስቲክ ካረጀ ሜዳ ላይ ደኅና የነበረችው መኪና ዳገት ላይ ታስቸግራለች። ዳግማዊ ምኒልክም ቤተ መንግሥታቸውን ከዚህ ተራራ ወደ ፍል ውኃው ያወረዱት ብርዱና የማገዶው እጥረት አስቸግሮ ነው። አሁን የምታዩት ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ የተተከለው በእሳቸው ዘመን ነው፤ ለእንግዶችሽ እየጠበቃችሁ ንገሪያቸው።

ሰፈሬ ሽሮ ሜዳ፦
ክዳኑን አትክፈቺ! እንዲህ ከፈላማ ድንች ብትቀቅሉበት ምሳ ይሆናችኋል። ለማንኛውም ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚመላለሱ ሚኒባሶች ስላሉ እንግዶቹን በእነሱ ልኪያቸው። አንቺ ደግሞ ሞተሩን ሳታስነሺ ማርሹን ነጻ አድርገሽ ቁልቁል ልቀቂያት፤ ራሷ ሽሮ ሜዳ ታደርስሻለች።

ባለ መፍቻ፦
ወንድሜ፣ ይህን ምክር ለማንም አትስጥ። ሞተር ሲጠፋ የፍሬኑ ረዳት ኃይል ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል። በዚያ ቁልቁለት ላይ ሕፃን እና እንጨት የተሸከሙ እናቶች ይሻገራሉ። እህቴ፣ በፍጹም እንዳታደርጊው።

ናይሮቢ የኖርኩ፦
እኔ ደግሞ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። ለምን እንጦጦ? አገር ለቆ የሚኖር ሰው የዕረፍት ቀኑን የሚፈልገው ለመታየት የተዘጋጀ ነገር እንዲያሳዩት ብቻ አይደለም። እኔ ናይሮቢ ስሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ካሩራ ደን እሄድ ነበር። ከተማው ውስጥ ያለ፣ 1,000 ሄክታር ገደማ የሆነ ደን ነው፤ በ1990ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሬቱን ለግንባታ ሲቀራመቱት የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቿ ዋንጋሪ ማታይና ጓደኞቿ ተደብድበውም ቢሆን ያተረፉት። እዚያ ማንም አያስጎበኘኝም ነበር። ዳቦና ሙዝ ይዤ እገባለሁ፣ ዛፍ ሥር ጋደም እላለሁ፣ ልጆች ብስክሌት ሲነዱ አያለሁ። ባዕድነቴ የሚቀልለኝ እዚያ ነበር፤ እንደ ሰፈሩ ሰው ዝም ብዬ መቀመጥ ስለምችል። ለኬንያዊት እህታችንም ደጋግማ ብቻዋን ልትመለስበት የምትችለውን ቦታ አሳዪያት። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ ነው፤ የአገር በቀል ዛፍ ስም እያነበቡ መሄድ ይቻላል፣ ግርግርም የለበትም።

የለገጣፎዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ድንጋዩን አድርጌአለሁ፣ ከመንገዱም ርቀናል። ፋኑ ሲዞር አልሰማሁም። መሬት ላይ የሚንጠባጠብ የለም፤ የራዲያተሩ መጠባበቂያ ጠርሙስ ውስጥ ግን ውኃው ከዝቅተኛው መስመር በታች ነው። ደግሞ የባልደረባዬ እህት ራሷን አሟታል፣ ያቅለሸልሻታል። ትናንት ማታ ነው ከሞምባሳ የገባችው። ፀሐዩ ይሆን?

ነርሷ፦
ይህን ከመኪናው አስቀድመሽ መናገር ነበረብሽ፣ እህቴ። ሞምባሳ የባሕር ዳር ከተማ ነው። ከባሕር ጠለል ተነሥቶ በማግሥቱ 3,000 ሜትር የወጣ ሰው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ቢሰማው የከፍታ ሕመም መሆኑን መጠርጠር ይገባል። ሚኒባሱም ቢገኝ ወደ ላይ እንዳትሄዱ። ጥላ ውስጥ ትቀመጥ፣ ውኃ ቀስ እያለች ትጠጣ፣ አትሩጥ። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። ስትራመድ የምትንገዳገድ ከሆነ፣ የምትናገረው ከተምታታባት ወይም ተቀምጣ እያለች ትንፋሽ ካጠራት መኪናው እስኪበርድ ሳትጠብቁ በታክሲ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። ፀሐዩም ቢሆን በዚህ ከፍታ አየሩ ብርድ እያለ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሁላችሁም ባርኔጣ አድርጉ።

ባለ መፍቻ፦
ፋኑ ካልዞረ ጥሩ ነው፣ ምናልባት ቀላል ነገር ይሆናል። የፊውዝ ሳጥኑን ክፈቺ፤ ክዳኑ ላይ የፋን ምልክት ያለበትን ፈልጊና ተቃጥሎ እንደሆነ እዪ። ከተቃጠለ ያንኑ አምፔር የያዘ ሌላ ፊውዝ ተኪበት። ከፍ ያለ አምፔር ወይም ሽቦ እንዳታስገቢ፣ እሳት ያስነሣል። የራዲያተሩ ላይኛው ቱቦ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል ሲሆን ብቻ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘሽ ቀስ እያልሽ ክፈቺ፣ ውኃውን ጨምሪ። የዘይቱን መለኪያ አውጥተሽ ቀለሙን ተመልከቺ፤ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ የቴስታታው ጋርኒዚዮን (ውኃና ዘይት እንዳይቀላቀሉ የሚለየው የሞተሩ ማሸጊያ) ተበልቷልና ሳትቀሳቅሺ አስጎትቺ። ደኅና ከሆነ ሞተሩን አስነሺ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቺ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ውረጂ። መለኪያው እንደገና ሲወጣ ካየሽ ቁሚ። ለገጣፎ ድረስ እንዳታስቢው፤ ቅርብ ያለ ጋራዥ ግቢ።

ሰፈሬ ሽሮ ሜዳ፦
ስለ ቁልቁለቱ ባለ መፍቻ ትክክል ነው፣ ምክሬን አንሥቻለሁ። ውኃ ካነሳችሁ ቤታችን ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም፤ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ታናሽ ወንድሜ በጀሪካን ያመጣላችኋል።

የለገጣፎዋ፦
ጻፍኩልህ። አሟት የነበረው ጥላው ውስጥ ሆና ትንሽ ተሽሏታል፣ ትንፋሿም ደኅና ነው። ፊውዙን እያየሁ ነው። ወደ ላይ መውጣቱን ትተነዋል። ታች ሆነው ሣር ላይ የሚያርፉበት የት ይሻላል?

ጡረተኛው መምህር፦
ወዳጅነት ፓርክ ውሰጃቸው ልጄ፤ መሐል ከተማ ያለው። ሰው ሠራሽ ሐይቅና ሰፊ ሣር አለው።

ናይሮቢ የኖርኩ፦
መልካም ሐሳብ ነው፣ ጋሼ። ግን ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሰዉ ብዙ ይሆናልና ጸጥታ ከፈለጉ ወደ ደቡብ ብሔረ ጽጌ መናፈሻን ሞክሩ፣ ያረጁ ዛፎቹ ጥላቸው ሰፊ ነው። ጉለሌን ታማሚዋ ከፍታውን ከለመደች በኋላ ለሌላ ሳምንት አቆዩት።

ነርሷ፦
የትም ብትሄዱ ዛሬ ቢራም ጠጅም አታስቀምሷት። ማታም ሕመሙ ካልለቀቃት ሐኪም ይያት።